የምን ቁልፍ?

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ልጆች ጊዮርጊስ አካባቢ ለቱቦ ከተቆፈረ ጉድጓድ በወጣ አፈር ላይ ሲጫወቱ አንድ አሮጌ የልብስ ቁልፍ አገኙ። የናስ ነው። በ20 ብር ሸጡልኝ። በዋጋው አልተከራከርኩም። ጣጣዬ የጀመረው «ይሄ የምን ይሆን?» ብዬ ስጠይቅ ነው።

መጀመሪያ ለአክስቴ ደወልኩ። «አሮጌ ቁልፍ አገኘሁ» ስላት «የምን በር?» አለችኝ። እሷ ላይ አልፈርድም። በር የምንከፍትበትንም ሸሚዝ የምንዘጋበትንም ቁልፍ ብለን ጠርተን፣ አዝራር የሚለውን ስም ለመጽሐፍ የተውነው እኛው ነን።

ከዚያ ቡና ላይ አወጣሁት። ጡረተኛው ጎረቤታችን መነጽራቸውን ሳያደርጉ አዩትና «የምኒልክ ነው» አሉ። ቁልፉ ላይ አንድ አንበሳ አለ፤ ከወዲያ ፈረስ የሚመስል እንስሳ፣ መሃል ላይ ጋሻ፣ ከላይ ዘውድ። «አንበሳውን አየህ? ሞዓ አንበሳ! ፈረሱንስ? አባ ዳኘው!» አሉና እጃቸውን ወደ ሐውልቱ ዘረጉ። እውነትም ጣልያን ነቅሎት የነበረው፣ ከነጻነት በኋላ የተመለሰው ሐውልት እዚያው አለ። ምኒልክም ፈረሳቸው ላይ ናቸው። ምን ይባላል? «ፈረሱ እኮ ግንባሩ ላይ ቀንድ አለው» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ። «የጦር ፈረስ ነዋ!» አለኝ ጫማ የሚጠርገው ልጅ።

አቦል ላይ የምኒልክ የነበረው ቁልፍ ቶና ላይ ዓድዋ ዘመተ። በረካ ላይ ሚሊዮን ብር አወጣ።

እዚህ ከተማ ውስጥ «አላውቅም» የሚል ሰው ካገኛችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ቡና እጋብዘዋለሁ። መንገድ ጠይቁ እስቲ። አንዱ «ወረድ በል» ይላችኋል። ትወርዳላችሁ። ታች ያለው ደግሞ «አልፈኸው መጣህ፣ ወጣ በል» ይላል። ሁለቱም ቤቱን አያውቁትም። እኔ አንድ ጊዜ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ በእንዲህ ዓይነት ጠቋሚ ምክንያት የማላውቀው ሰው ድንኳን ገብቼ ግማሽ ሰዓት አዝኛለሁ። ንፍሮም በልቻለሁ። አጠገቤ የተቀመጡትን ሰው «ሟች ምን ነካቸው?» ብዬ ብጠይቅ፣ ለካ እሳቸውም በስህተት ነው የገቡት። ግን መልስ አላጡም። «ስኳር ነው» አሉኝ።

አባቴ የሚወዳት ተረት ነበረች። «እወቅ ያለው በአርባ ቀኑ ያውቃል፣ አትወቅ ያለው በአርባ ዓመቱ አያውቅም።» ተረቷን እኔም እወዳታለሁ። ግን ሳያውቅ በአርባ ሰከንድ የሚመልሰውን ረስታዋለች።

ቁልፍ ካነሳን አይቀር፣ አንድ ልብስ ሰፊ አለብኝ። ለእህቴ ሠርግ ቡናማ ኮት አሰፋሁ። «ማክሰኞ ና» አለኝ። ሦስት ማክሰኞ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ሰጠኝ፤ ከሦስቱ ቁልፎች መሃለኛው ጥቁር ነው። «አንዱ ጠፋ፤ ማን ያየዋል ብለህ ነው?» አለኝ። ማን አላየውም! ሃያ ዓመት ሙሉ የሠርጉ አልበም በተገለጠ ቁጥር ሙሽራዋን ትቶ ሆዴ ላይ የማያፈጥ እንግዳ የለም። ይሄንን ይቅር አልልም።

እሺ፣ ወደ ቁልፉ። የእህቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ነው የሚኖረው። ቅዳሜና እሑድ የገበሬ ማሳ አስፈቅዶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በብረት ጠቋሚ መሣሪያ አፈር ሲያስስ ይውላል። ወርቅ ፍለጋ ይላሉ እንጂ ከአፈሩ የሚወጣላቸው ያው ቁልፍ ነው። ለእረፍት ሲመጣ መሣሪያውን ትቶ መጣ። እዚህ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ስለ ቁልፍ ግን ጠንቅቆ ያውቃል። «አጎቴ፣ መጀመሪያ ጀርባውን ነው የሚያዩት» አለኝ። የሠሪው ስምና ከተማ የሚጻፈው ከኋላ፣ ክር በሚገባበት ቀለበት ዙሪያ ነው።

ጀርባውን ገለበጥነው። የለም!

ለካ ጎረቤታችን «አጣርቼ ልመልስልህ» ብለው ወስደው ያሳደሩት ጊዜ፣ ወርቅነቱ እንዲታይ በሎሚና በአመድ ሲፈትጉት አድረዋል። የእህቴ ልጅ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። አሮጌ ቁልፍ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በሎሚ አይነካም፤ አሲዱ ናሱን ይበላዋል። እኔም እዚህ ላይ ሳቄ አለቀ። ሰው የራሱን ድስት ይፈትግ! የሰው ንብረት ወስዶ፣ ታሪኩን አጥቦ፣ «አበራሁልህ» ብሎ ምስጋና መጠበቅ ምን ይሉታል?

ከጽሑፉ የተረፈችው «…ሃም» የምትል ጅራት ናት። «አብርሃም! የባለቤቱ ስም ነው» አሉ ጎረቤታችን፣ ሳያፍሩ። ልጁ ግን «ቢርሚንግሃም ይመስለኛል» አለ፤ የታወቀ የቁልፍ ከተማ ነው። ፈረሱም ፈረስ አይደለም፤ በእንግሊዝ ነገሥታት ዓርማ ላይ ከአንበሳው ፊት ለፊት የሚቆመው ባለ ቀንድ እንስሳ ነው። እንዲህ ያለውን ቁልፍ የእንግሊዝ ተራ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ ለብሰውታል። የዘውዱ ቅስት ጉብ ያለ ስለሆነ ደግሞ ከንግሥት ኤልሳቤጥ በፊት የነበረው የንጉሥ ዘውድ ነው።

«እንግዲያው በ1933 ከጃንሆይ ጋር የገባ ወታደር ነዋ!» አልኩ። አያችሁ? እኔም ጀመርኩ።

«አላውቅም፣ አጎቴ» አለኝ። «ሊሆን ይችላል። ካፖርቱ ብቻ በኋላ በልባሽ ጨርቅ መጥቶም ሊሆን ይችላል።»

ቡናው ላይ ዝምታ ወረደ። ከዚያ ጎረቤታችን ወደኔ ጠጋ ብለው «ይሄን ሁሉ ዓመት እንግሊዝ አገር ኖሮ ይቺን ሳያውቅ!» አሉኝ፣ በሐዘኔታ።

ግራ ሲገባኝ ያንኑ ልብስ ሰፊ ልጠይቅ ሄድኩ። የመለዮ ልብስ ይሰፋ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ሱቁ ያለበት ሕንፃ በር ላይ ፈታሹ ኪሴን በማሽኑ ሲዳብሰኝ ጮኸ።

«ምንድን ነው?»

«ቁልፍ።»

«የምን ቁልፍ? አውጣው።»

አወጣሁት። አገላብጦ አየው። «ኦ! የጃንሆይ ነው» ብሎ አሳለፈኝ።

ልብስ ሰፊው ቁልፉን መብራት ስር ያዘው፤ ከዚያ ዓይኑ በራ። «ይኸውልህ! ሃያ ዓመት ጠፋ እያልክ ስሜን ያጠፋህበት የኮትህ ቁልፍ!»

ኮቱን ይዤ ማክሰኞ እንድመጣ ነግሮኛል።