አመል ማስረጃ ሲሆን

የአሜሪካ ፌዴራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 404(ቢ)፣ አንድ ሰው ከዚህ ቀደም የፈጸመው ጥፋት «አመሉ ስለሆነ ይህንንም ፈጽሞታል» ለማሰኘት እንዳይቀርብበት ይከለክላል። ሐሳብን (ምን ለማድረግ አስቦ እንደነበር) ወይም ዕውቀትን ለማስረዳት ግን ያው ጥፋት ሊቀርብ ይችላል። በአደንዛዥ ዕፅ ክሶች ይህ በር ከልክ በላይ ተበርግዷል ባይ ነኝ፤ ለማከፋፈል አስቦ ዕፅ ይዞ መገኘት የሚለው ወንጀል የተከሳሹን ሐሳብ ማስረዳት ስለሚጠይቅ፣ ማንኛውም የቀድሞ ፍርድ «ለሐሳብ ነው» ተብሎ ሊገባ ይችላል።

ችግሩ ቁልጭ ብሎ የወጣው መቀመጫው ቺካጎ የሆነው የሰባተኛው ሰርኪዩት ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በሚለር ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ነው። ተከሳሹ ዕፁ የእኔ አይደለም ብሎ ቢከራከርም፣ በ2000 በዕፅ ማከፋፈል የተፈረደበት ጥፋት በጁሪው (ጥፋተኝነቱን በሚወስኑት ተራ ዜጎች) ፊት ቀርቦበት ነበር። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ዴቪድ ሃሚልተን ያነሡት ጥያቄ ቀላል ነው፦ የ2000ው ጥፋት ሰውየው በ2008 ምን አስቦ እንደነበር የሚያሳየው እንዴት ነው? «ያኔ ሸጧል፣ አሁንም ሊሸጥ ነው» ከማለት ውጪ መልስ አልተገኘም፤ ይህም የተከለከለው የአመል ሙግት ራሱ ነው። በዕፁ ክስ የተሰጠው የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሻረ።

ይኸው ፍርድ ቤት በ2014 በጎሜዝ ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ከአመል የጸዳ የምክንያት ሰንሰለት እንዲያሳይ ጠየቀ፤ ደንቡም በ2020 ተሻሽሎ ዐቃቤ ሕግ የቀድሞውን ጥፋት የሚያቀርብበትን ዓላማና ምክንያት አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አስገደደ። ዳኛው ጽሑፉን ካልመረመረው ግን ይህ ከወረቀት አያልፍም። ጁሪውን «ለሐሳብ ብቻ ተጠቀሙበት» ብሎ ማሳሰብም የሰሙትን አያስረሳም።

የቀድሞ ጥፋት በጭራሽ አይቅረብ አልልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ከ1993 ጀምሮ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ጎራ ተመድቧል፤ ጫት አገር ቤት በይፋ የሚሸጥ በመሆኑ፣ በአየር ማረፊያ የተያዘ ወገናችን «ክልክል መሆኑን አላወቅሁም» ቢል የሚታመን ነገር ነው። ከዚህ በፊት በዚያው በጫት ተፈርዶበት ከሆነ ግን ያ ፍርድ ክልከላውን ማወቁን በቀጥታ ያሳያል፤ ስለ ጠባዩ መገመት አያስፈልግም። ያው ሰው «ሻንጣው የእኔ አይደለም» ካለ ደግሞ፣ የቀድሞው ፍርድ ስለ ሻንጣው ባለቤት የሚነግረን አንዳች ነገር የለም።