ማስታወቂያ በፎቶ ሰለቸን

ሰሞኑን አንድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በቴሌቪዥን ቀርበው ነበር። መሥሪያ ቤታቸው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ለምን ፎቶ ብቻ እንደሚያዘንብ ተጠየቁ። ሕዝቡ ማንበብ አይወድም፣ ምስል ነው የሚስበው አሉና አረፉት።

አያነብም? ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ ተዘግቶ ሳለ በቪፒኤን እየገባ ሲያነብ የከረመው ማን ነው ታዲያ? ዛሬስ በየማስታወቂያው ሥር «ምዝገባው እስከ መቼ ነው?» «የትኛው ቅርንጫፍ?» እያለ የሚማጸነው ማን ነው? ሰው የሚጠይቀው ማንበብ ጠልቶ አይደለም። የለጠፋችሁት ስለማይነበብ ነው።

የምትለጥፉትን እናውቀዋለን። ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ በስልክ ይነሳል። ግማሹን የአንሺው እጅ አጥልቶበታል። ማኅተሙ ደግሞ ቦታ የጠፋ ይመስል ቀኑ ላይ ጉብ ይላል። አንባቢ ስክሪኑን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ «3 ነው 8?» ሲል ይውላል። ከወር በኋላ ያንን ማስታወቂያ ልፈልግ ቢልም አያገኘውም፤ ፎቶ ውስጥ ያለ ቃል ተፈልጎ አይገኝማ።

ዓይነ ስውሩማ ከነጭራሹ አልታሰበም። ጽሑፍ ቢሆን ስልኩ ድምፅ አውጥቶ ያነብለት ነበር። ፎቶ ሲሆን «ምስል» ብሎት ያልፋል። የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ያጸደቀች አገር መሥሪያ ቤቶች ናቸው እንግዲህ ይህን የሚያደርጉት።

ደግሞ እኮ ሐሰተኛ ደብዳቤ ተሰራጨብን ብለው የሚጮኹት እነሱው ናቸው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት የሚከለክለውን አዋጅ 1185/2012ን ይጠቅሱልናል። ማኅተም ያለበትን ደብዛዛ ፎቶ ሁሉ እንድናምን ያስለመደን ማን ሆነና! አጭበርባሪው እናንተን ነው የኮረጀው። ማስተባበያችሁስ? ያው ደብዳቤ፣ በቀይ «ሐሰት» ተጽፎበት፣ እንደገና ፎቶ።

ስብሰባ ሲሆን ግን ካሜራው ጥርት ይላል። ባነሩ፣ አበባው፣ የተደረደረው ሃይላንድ፣ ክቡርነታቸው ከፊት፣ ክቡርነታቸው ከጎን። ምን ተወሰነ? ከሥሩ አንድ መስመር፦ «ውጤታማ ውይይት ተካሂዷል»። ይህን ለማየት ነው በገዛ ካርዳችን የዳታ ፓኬጅ የምንገዛው።

መንገድ ሠርታችሁ ስትጨርሱ ፎቶውን አሳዩን፣ ማን ጠላ። ማስታወቂያውን ግን ጻፉልን። ደብዳቤው መጀመሪያ የተጻፈው በኮምፒውተር ነው፣ ጽሑፉም እዚያው ቁጭ ብሏል። ኮፒ አድርጎ ከፎቶው ሥር ማስቀመጥም ጥናትና በጀት ያስፈልገዋል እንዴ?