የገንዳው ደንብ የሚቆጣጠረው ጨርቁን ነው ወይስ ገላችንን?

የመዋኛ ገንዳ ያለው ድርጅት ወደ ውኃው የሚገባውን ልብስ የመቆጣጠር መብት አለው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ስለ ጨርቅ ዓይነት መሆን የነበረበት ደንብ ስለ ልብስ እርዝማኔ ሆኖ መተርጎሙ ነው። ሐይቅ ዳር ማንም ምንም ሳይለን የምንዋኝበት ልብስ ገንዳ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይከለከላል፤ «ለምን?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠውም መልስ «ደንብ ነው» የሚል ብቻ ነው። ደንቡ የት እንደተጻፈና ምን ለመከላከል እንደወጣ የሚያስረዳ አይገኝም።

በዚህ የሚጎዱት እነማን እንደሆኑ ለመረዳት እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ዋና እንዴት እንደምንለምድ ማሰብ ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን አንጥቶት የሚያድርባት፣ ስሟም ከብርድ ልብስ ጋር ተያይዞ የሚነሣ ከተማ ናት። እዚህ ዋና የሚለመደው ፀሐይ ሲበረታ በሬሳ ወንዝ ውስጥ ነው፤ የሚለምዱትም ወንዶች ልጆች ናቸው። ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ይገባሉ፣ ሲንቦጫረቁ ይውላሉ፣ ትልቁ ትንሹን እያስተማረ ያድጋሉ። ሴት ልጅ ግን ወንዝ የምትወርደው ልብስ ልታጥብ ወይም ውኃ ልትቀዳ ነው፤ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ከሰበሰበች የሚቆጣት አላፊ አግዳሚ አይጠፋም። በዚህ ምክንያት በእኔ ዕድሜ ካሉ የከተማችን ሴቶች መካከል ዋና የምትችል ማግኘት ቀላል አይደለም። እኔም የተማርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ባለቤቴ ላንጋኖ ሐይቅ ይዞኝ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ነው። ልጄ ግን በልጅነቷ እንድትማር ቆርጬ ተነሥቻለሁ።

ላንጋኖ ስንሄድ ልብስ የሚመርጥልን ፀሐዩና ነፋሱ ነው። ሐይቁ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። ለምድር ወገብ ያለን ቅርበትና ጨረሩን መልሶ ወደ ላይ የሚወረውረው ደረቅ አሸዋ ሲታከሉበት፣ ዣንጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ማታ ትከሻው ተለብልቦ ይገኛል። ስለዚህ እኔና ልጄ የምንለብሰው እጅጌው እስከ አንጓ፣ ሱሪው እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ከገላ ጋር ልክክ የሚል የፖሊስተር የዋና ልብስ ነው። እንዲህ ያለው ልብስ «ዩፒኤፍ 50» የሚል ምልክት ካለበት ከጨረሩ ከ50 እጅ አንዱን እጅ ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው። ብዙ እናቶች ለልጆቻቸው የሚያለብሱት ስስ ነጭ የጥጥ ቲሸርት ግን ውኃ ሲነካው ከደረቁ ያነሰ ይከላከላል፤ ይከብዳል፣ ይለጠፋል፣ ገላንም ያሳያል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ውኃው መናወጥ ሲጀምር ደግሞ ሰፊ ልብስ በሞገዱ እየተነፋ ዋናተኛውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

ከዚህ በቀር ሐይቁ ለማንም ደንብ አያወጣም። በቢኪኒ የገባችው፣ በቀሚሷ እስከ ወገቧ የተነከረችው፣ ጂንስ ሱሪውን ከጉልበቱ ቆርጦ የሚዋኘው ጎረምሳ፣ ሁሉም ጎን ለጎን ናቸው። ይህም ተገቢ ነው፤ ከአንድ የጥጥ ቁምጣ የሚወጣ ክርና አቧራ ለዚያ ሰፊ ቡናማ ውኃ ምንም አይደለም።

ገንዳ ላይ የደረሰብን ግን ሌላ ነው። በዞናችን ካሉት የመዋኛ ገንዳዎች ወደ አንዱ፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም፣ ልጄን ይዤ ሄድኩ። ጣርማበርን በዋሻው አልፈን፣ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሰን ቆላው ስንገባ ሹራባችንን አውልቀን ጭናችን ላይ አድርገናል፤ ልጄም በመንገድ ሙሉ ስለ ዋና ብቻ ነበር የምታወራው። የመግቢያውን ከፈልን፣ ልብሳችንን ቀየርን፣ ሻወር ወስደን ውኃው ጠርዝ ላይ ደረስን። ልጄ አንድ እግሯን ነክራ ሳለ የገንዳው ተቆጣጣሪ እየሮጠ መጣ።

«እህቴ፣ በዚህ ልብስ መግባት አይቻልም» አለኝ።

«የኔ ወንድም፣ ይህ እኮ የዋና ልብስ ነው» አልኩት።

«ረጅም ነው፤ ረጅም ልብስ አይፈቀድም። ደንብ ነው» አለ።

ጨርቁን በእጁ እንዲነካው ለመንኩት፤ አልፈለገም። ገንዘባችን ይመለስልን ብል «የተቆረጠ ትኬት አይመለስም» ተባልኩ። ይህን ሁሉ ስንነጋገር ከፊት ለፊታችን ያሉ ጎረምሶች ከመንገድ በመጡበት የጥጥ ቁምጣ፣ የውስጥ ሱሪያቸው ከወገባቸው በላይ እየታየ፣ ሻወሩን አልፈው በቀጥታ ውኃው ውስጥ ይዘሉ ነበር። አንዳቸውንም የጠየቃቸው የለም። ልጄ ፎጣዋን ተከናንባ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። «እማዬ፣ የእነሱ ደንብ ሌላ ነው?» ስትለኝ የምመልስላት አልነበረኝም።

እዚያው ቁጭ ብለን ሳለን አንድ ሌላ ሠራተኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ የገንዳውን ጥግ ክዳን ከፍተው ከውስጡ የቆሻሻ መያዣ ቅርጫት አወጡ። በቅርጫቱ ውስጥ ቅጠልና ፀጉር አለ፤ ከሁሉ የበዛው ግን እንደ ረጠበ ባዘቶ ተድበልብሎ የተጣበቀ የክር ቡጭቅጫቂ ነበር። «አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «የጥጥ ልብስ ነዋ፣ ልጄ! ቲሸርቱ፣ ቁምጣው፣ ፎጣው ነው። እኔን የሚያደክመኝ እሱ ነው» አሉኝና በጣታቸው እየፈለቀቁ ያራግፉት ጀመር። ደንቡን የሚያስፈጽመው ወጣት ከእኚህ ሰው ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢነጋገር ኖሮ እኔና ልጄ ሳንዋኝ ባልተመለስን።

የገንዳ ውኃ እንደ ወንዝ የሚፈስ፣ እንደ ሐይቅ የተንጣለለ አይደለም። ያው ውኃ በፓምፕ እየተሳበ በቅርጫቱና በማጣሪያው አልፎ ተመልሶ የሚገባ ነው። ከጥጥ ልብስ የሚረግፈው ክር ቅርጫቱን ይሞላል፣ ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ርካሽ ቀለም የተነከረ ጨርቅም ውኃው ውስጥ ይለቃል። ክሎሪኑ ደግሞ ልኩ በአንድ ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ከመንገድ ልብስ ላይ የሚመጣው አቧራ፣ ላብና ቆሻሻ ጀርም እንዲገድል የተጨመረውን ያንኑ ክሎሪን ይበላዋል። ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድም ክሎራሚን የሚባለውን፣ ዓይን የሚያቃጥለውንና ብዙ ሰው «የክሎሪን ሽታ» የሚለውን ነገር ይፈጥራል። ስለዚህ ገንዳ ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ልብሱ ከምን እንደተሠራ፣ መንገድ ላይ ተለብሶ የመጣ መሆን አለመሆኑንና ባለቤቱ ሻወር መውሰድ አለመውሰዱን ነው። ሰፊና ረጅም ቀሚስ ወይም የሚንዘላዘል ሱሪ ቢከለከልም እስማማለሁ፤ ውኃ ሲሞላ ዋና ያልለመደን ሰው ወደ ታች ይጎትታል፣ ለአዳኙም ያስቸግራል። ከገላ ጋር የተጣበቀ የፖሊስተር ልብስ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ከአጭሩ የተለየ የሚያደርሰው ጉዳት የለም።

የውጭውን ዓለም እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱብኝ አሉ፤ እንግዲያውስ እንጥቀሰው። በፈረንሳይ የሕዝብ ገንዳዎች ወንዶች በሰፊ ቁምጣ እንዳይገቡ የሚከለከሉት፣ ቁምጣው ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ተለብሶ ሊመጣ ስለሚችል ነው፤ በዚያችው አገር ባሕር ዳርቻ ላይ ያንን ቁምጣ ማንም ይለብሰዋል። የንጽሕና ደንብ የሚባለው ይህ ነው። በዚያው አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 አንዳንድ ከንቲባዎች ቡርኪኒን፣ ማለትም ራስንና ገላን የሚሸፍነውን የሙስሊም ሴቶች የዋና ልብስ፣ ከባሕር ዳርቻ ሲከለክሉ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የአንዱን ከተማ እገዳ አስቁሟል። በ2022 የግረኖብል ከተማ ልብሱን በገንዳዎቿ ስትፈቅድ ግን ያው ፍርድ ቤት ፈቃዱ ታግዶ እንዲቆይ ወስኗል። ሕግ አዋቂዎች እንኳ ባሕር ዳርቻና ገንዳ ላይ የተለያየ ውሳኔ ሰጥተዋል፤ የገንዳውን ውሳኔ ባልስማማበትም፣ ቢያንስ ምክንያቱ ተጽፎ ለሕዝብ ቀርቧል። እኛ ዘንድ ምክንያትም ጽሑፍም የለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳምነኝ የውድድር ደንቡ ነው። ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለገንዳ ውድድር የሴቶች ልብስ ከትከሻ እስከ ጉልበት ድረስ እንዲሆን ሲፈቅድ፣ በሐይቅና በባሕር ለሚደረግ ውድድር ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ፈቅዷል። እርዝማኔ በራሱ ለገንዳ ውኃ አደጋ ቢሆን ኖሮ እስከ ጉልበት የሚደርሰውም በተከለከለ ነበር። በውድድር እርዝማኔው የተገደበው ልብሱ ለዋናተኛው ፍጥነት እንዳይጨምርለት ታስቦ ነው፤ ልጄ ደግሞ የምትሄደው ልትማር እንጂ ልትሽቀዳደም አይደለም።

የተቆጣጣሪው ሁለተኛ ሐሳብ ልብስ እንድንከራይ ነበር፤ ይህ ከክልከላው የባሰ አስቆጥቶኛል። ያወጣልን ልብስ ብዙ ሰው የለበሰው፣ የእግሩ ማሰሪያ የላላ፣ መቀመጫው ላይ ሳስቶ ክሩ ተለይቶ የሚታይ ነበር። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ለባሕር ዳርቻ ተብለው ከሚሸጡት ልብሶች ብዙዎቹ ናይለንና ላይክራ የተቀላቀለባቸው ናቸው፣ ክሎሪን ደግሞ የላይክራውን ክር እየበላ መለጠጡን ያጠፋዋል። ሐይቅ ላይ ዓመታት የሚያገለግል ልብስ በየቀኑ ገንዳ ከገባና በንጹሕ ውኃ ሳይታጠብ ከተሰጣ በጥቂት ወራት ይረግባል። ፖሊስተር የሚበዛበት ጨርቅ ክሎሪንን ይችላል፤ የሚያከራየው ሰው ግን ይህን አይቶ የገዛ አይመስለኝም። እናት ለዘጠኝ ዓመት ልጇ ያንን አልብሳ ሰው ፊት እንድታቆማት መጠየቅ ክብር መንካት ነው። በዚያ ላይ ስልኩን አውጥቶ ገንዳውን የሚቀርፅ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ያንን የሚከለክል ደንብ ግን አላየሁም።

ሥራ አስኪያጁን አግኝቼ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። የልብሱ ደንብ ትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ በአማርኛ ይለጠፍ፤ ጥጥና ከመንገድ የተመጣበት ልብስ ለወንድም ለሴትም እኩል ይከልከል፤ ከገላ ጋር የሚሄድ የዋና ልብስ እርዝማኔው አይጠየቅ። በትሕትና አዳመጡኝ፣ «እናየዋለን» አሉኝ፣ የትኬቱን ነገር ግን ዝም አሉ። ካለፈው ሳምንት ወዲያ የሄደች ጎረቤቴ መስኮቱ ላይ የዋጋ ዝርዝር እንጂ ሌላ ነገር እንዳላየች ነግራኛለች።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በደብረ ብርሃን ገበያም ሆነ በሰልባጁ ተራ የማገኘው የሴት ልጅ የዋና ልብስ ወይ ሁለት ቁራጭ ነው፣ ወይ የጥጥ ታይት «የዋና ነው» ተብሎ የሚሸጥ ነው። እጅጌው እስከ ክርን፣ ሱሪው እስከ ጉልበት የሆነ ልብስ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ጨርቁ ፖሊስተር የሚበዛበት ይሁን፣ ስፌቱ ኦቨርሎክ፣ ዚፑም እንዳይዝግ ፕላስቲክ። እስከ ጉልበት ያልኩት ተቆጣጣሪው ትክክል ነው ብዬ አይደለም፤ የልጄ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት መዋኘት መጀመር ስላለባት ነው። ሌሎች እናቶችም የሚፈልጉ ካሉ ተሰባስበን ብናዘው ዋጋው ይቀንስልናል።