ማስተካከያ፦ ማርች 8ን የፈጠረው ተመድ አይደለም

ሰሞኑን ሲዘዋወር የነበረው ጽሑፍ «የሴቶች ቀን ተመድ በ1975 የፈጠረው በዓል ነው፣ የሚያከብረው ሁሉ ሴቶችን ያከብራል» ይላል። ሁለቱም መስተካከል አለባቸው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ተመድ ቀኑን ማክበር የጀመረው በ1975 መሆኑ ልክ ነው። ቀኑ ግን ቀድሞም ነበረ። ሐሳቡን በ1910 ኮፐንሃገን ላይ በተካሄደው የሶሻሊስት ሴቶች ጉባኤ ያቀረበችው ጀርመናዊቷ ክላራ ዜትኪን ናት፤ በዓመቱ በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በዴንማርክና በስዊዘርላንድ ሰልፍ ተወጥቶ ለሴቶች የመምረጥና የመሥራት መብት ተጠየቀ፣ ያኔ ቀኑ ማርች 19 ነበር። ማርች 8 የጸናው በ1917 የሩሲያዋ ከተማ የፔትሮግራድ ሴት ሠራተኞች ዳቦ አጥተው፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም መሯቸው አድማ ከመቱ በኋላ ነው። አበባ የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም!

ቀኑን ማክበር ሴቶችን ማክበር ነው ወይ? ብቻውንማ ምንም አያረጋግጥም። መሥሪያ ቤቱ ኬክ ቆርሶ፣ ሴቶቹን አንድ ዓይነት ቲሸርት አልብሶ ፎቶ ሊለጥፍ ይችላል። ለእኩል ሥራ እኩል ይከፍላል ወይ፣ ወልዳ የተመለሰችው ቦታዋን ታገኛለች ወይ፣ ስለ ትንኮሳ የተናገረችውስ ምን ሆነች የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ማለት ግን በዓሉ ይቅር ማለት አይደለም።