ማስተካከያ፦ ግራንክቪስት የሶላር ፓነል ፈጣሪ አይደሉም

ባለፈው ስለ ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላስ ዮራን ግራንክቪስት ስጽፍ «የሶላር ፓነል ፈጣሪ» ብያቸው ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ለሥራ የበቃው የሲሊከን ሶላር ሴል (ፓነሉ ተገጣጥሞ የሚሠራበት ክፍል) እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላብስ የምርምር ተቋም ነው ይፋ የሆነው። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር የግራንክቪስት ሙያ ሌላ ነው፣ ስስ ልባስ። መስኮት መስታወት ላይ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ የተንግስተን ኦክሳይድ ልባስ ይደረጋል፤ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነካው ሰማያዊ ይሆንና የፀሐይዋን ሙቀት ይቀንሳል፣ የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ ሲገለበጥ ደግሞ ተመልሶ ጥርት ይላል። ስለዚህ ኃይል አያመነጭም፣ ቤት ለማቀዝቀዝ የሚባክነውን ይቆጥባል እንጂ። ድሬ ላይ ቀትር ሲሆን መጋረጃ ዘግተን ቬንትሌተር ስር ለምንጋደመው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ ከፓነሉ አያንስም። የባለፈው ጽሑፌ ቀሪ ክፍል እንዳለ ነው።