ዮርዳኖስ ላይ ስንት ነበሩ?

አራት ኪሎ፣ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብዙም የማይርቅ ካፌ ውስጥ ተቀምጠናል። የእህቴ ልጅ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ «ጋሼ፣ አንተ ስንት ሰው ነህ?» አለኝ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ዝም አልኩ።

«ለልጆችህ አባት ነህ። ቢሮ አለቃ ነህ። ሰፈር ስትገባ የእድር ጸሐፊ። ያው ግን አንድ ሰው ነህ። እግዚአብሔርም እንደዚያ ነው። በብሉይ አብ፣ በሥጋ ሲመጣ ወልድ፣ ዛሬ በልባችን መንፈስ ቅዱስ። ሁሉም ያው አንዱ ነው፤ ስሙም ኢየሱስ ነው።»

ልጁ ከሁለት ዓመት በፊት በተለምዶ «ኦንሊ ጂሰስ» ከሚባሉት ጋር ተቀላቅሏል። በኢየሱስ ስም እንደገና ተጠምቋል። እናቱ የሰማች ዕለት እህል አልቀመሰችም። እኔን ግን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ምሳሌውን አውቀዋለሁ። እኔው ራሴ አስተምሬዋለሁ።

ወጣት ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ምሥጢረ ሥላሴን እንዳስረዳ ተመደብኩ። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያውን መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ነገር አቅልዬ ውኃ፣ በረዶ፣ እንፋሎት አልኩ። አንድ ውኃ፣ ሦስት መልክ። ልጆቹ ደስ አላቸው። በር ላይ ቆመው ይሰሙ የነበሩ አንድ አዛውንት መሪጌታ ስጨርስ ጠሩኝ። «ልጄ፣ በረዶው ውኃ ሲሆን በረዶው የት ይሄዳል?» አሉኝ። «ይቀልጣላ» አልኩ። «እንግዲያስ ወልድ ሲወለድ አብ ቀለጠ በለኛ!» ብለውኝ ሄዱ። ያኔ ፊቴ እንዴት እንደቀላ እስካሁን ይሰማኛል።

የእኔ በረዶና የእህቴ ልጅ የእድር ጸሐፊ አንድ ናቸው። ትምህርቱም አዲስ አይደለም። በሦስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሮም ውስጥ ሰባልዮስ የሚባል ሰው ይህንኑ ሲያስተምር ተወግዟል። እዚያው ዘመን በሰሜን አፍሪካ፣ ካርታጎ የነበረው የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ጠርጡለስም ተመሳሳይ ነገር የሚያስተምረውን ፕራክስያስን «አብን ሰቀለው» ብሎ ከሶታል። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ዋና ጉዳያቸው ወልድን ፍጡር ነው ያለው አርዮስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ381 የቁስጥንጥንያው ጉባኤ ግን የሰባልዮስን ትምህርት በስሙ ጠርቶ አውግዟል። ትምህርቱ በጰንጠቆስጤዎች መካከል እንደገና የተነሣው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሎስ አንጀለስ አጠገብ በተደረገ ትልቅ ጉባኤ በኢየሱስ ስም ብቻ ማጥመቅ መነጋገሪያ ሆነ። በ1916 አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ የተባለው የጰንጠቆስጤዎች ማኅበር ሥላሴን አጽንቶ ሲወስን ከ150 በላይ አገልጋዮች ለቀው ወጡ። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሥላሴን አልቀበልም ሲል ከኦርቶዶክስ ብቻ አይደለም የሚለየው። ከመካነ ኢየሱስም፣ ከሙሉ ወንጌልም፣ ከካቶሊክም ነው።

የልጁን ፍርሃት ግን አልንቀውም። «እስራኤል ሆይ፣ ስማ፤ አምላካችን እግዚአብሔር አንድ እግዚአብሔር ነው» የሚለውን ይዞ ነው የሚሟገተው። ሦስት አማልክት እንዳያመልክ ይሰጋል። እውነቱን ለመናገር፣ አነጋገራችንን ለሚሰማ ሰው መስጋቱ አይገርምም። በሰባት ሥላሴ፣ በአሥራ ሁለት ሚካኤል፣ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል እያልን ስንቆጥር ፈጣሪን ከመላእክቱ ተርታ ያሰለፍነው ይመስላል። በዚህ ከተማ የሥላሴ ስም የማይጠራበት ቀን የለም። ንጉሡ እንኳ ስማቸው «የሥላሴ ኃይል» ነበር፤ አፅማቸውም በ1993 ዓ.ም. ያረፈው እዚያው ካቴድራሉ ውስጥ ነው። ትርጉሙን ንገረን ስንባል ግን ብዙዎቻችን በረዶ እናቀልጣለን።

ፕሮቴስታንት ወዳጆቼም ከዚህ አያመልጡም። በቅርቡ አንድ ለቅሶ ቤት ጸሎት ሲደረግ ሰማሁ። «አባት ሆይ፣ በመስቀል ላይ ስለ ሞትክልን እናመሰግንሃለን» ተባለ። ሁሉም አሜን አለ። ጠርጡለስ እዚያ ድንኳን ውስጥ ቢኖር ከወንበሩ ይነሣ ነበር። አብ አልተሰቀለም!

ለእህቴ ልጅ ያነሣሁለት ጥያቄ ቀላል ነው። ጥምቀትን ጃንሜዳ ሳያከብር ያደገ ልጅ አይደለም። ሕፃን ሆኖ በትከሻዬ ተሸክሜው ታቦታቱ ሲያልፉ አሳይቼዋለሁ። «ዮርዳኖስ ላይ ስንት ነበሩ?» አልኩት። ወልድ ውኃው ውስጥ ቆሟል። መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ይወርዳል። ከሰማይ ደግሞ «በእርሱ ደስ የሚለኝ የምወደው ልጄ ይህ ነው» የሚል ድምፅ ይሰማል። በዓሉን አስተርእዮ፣ መገለጥ፣ የምንለው ለዚህ ነው። የእድር ጸሐፊው ቢሮ ሲገባ አለቃ ይሆናል። ሰፈር ቁጭ ብሎ በዚያው ሰዓት ከቢሮው ራሱን ጠርቶ «የምወድህ» አይለውም።

«እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ ስላለ ነዋ» አለኝ።

«በሁሉም ቦታ መኖሩማ ልክ ነው። ግን ማን ማንን ነው የሚወደው?»

እኔ የሥላሴ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ክርክሩ አንድና ሦስት የመቁጠር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩ። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 አብን «ዓለም ሳይፈጠር ስለ ወደድኸኝ» ይለዋል። ዓለም ሳይፈጠር ፍቅር ነበረ ማለት ነው፤ ወዳጅም ተወዳጅም ነበሩ። አብና ወልድ የአንድ አካል ሁለት ስም ከሆኑ ግን ያ ፍቅር የለም። ጌቴሴማኒም ቲያትር ይሆናል።

ልጁ ለጌቴሴማኒ መልስ አላጣም። «ሥጋው ነው ወደ መለኮቱ የጸለየው» አለኝ። በተዋሕዶ ቤት ላደገ ሰው ይኼ ጆሮ ይቆረቁራል። የሚጸልይ ሥጋና የሚሰማ መለኮት ለየብቻ ካቆምክ አንዱን ክርስቶስ ሁለት አደረግኸው። እ.ኤ.አ. በ431 ኤፌሶን ላይ ንስጥሮስ የተወገዘው በዚህ አይደል? ከሰባልዮስ ሸሽቶ ንስጥሮስ ቤት ገባ።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ያግዛል። ጌታ «እኔና አብ አንድ ነን» ብሏል። «ነኝ» አላለም። በጽርኡም፣ በግሪኩ ማለቴ ነው፣ እንዲሁ ነው። የጥንት ሊቃውንትም አይተውታል፤ «አንድ» የምትለዋ ለአርዮስ፣ «ነን» የምትለዋ ለሰባልዮስ መልስ ናት። የእኛ መምህራን ደግሞ በአንድ ቃል አልረኩም። ለአብ ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክ፣ ፍጹም አካል አለው ይላሉ፤ ለወልድም፣ ለመንፈስ ቅዱስም እንዲሁ። ገጽ ብቻ ቢሉ አንዱ ፊቱን እየቀያየረ ነው የሚል ይመጣል። አካልን ጨምረው በሩን ዘጉት። ወዲያው ደግሞ በመለኮት፣ በባሕርይ፣ በፈቃድ አንድ ብለው በሌላ ወገን ያለውን፣ ሦስት አማልክት የሚለውን በር ዘጉ።

በየቤተ ክርስቲያኑ ያለውን የሥላሴ ሥዕል ልብ ብላችሁ አይታችሁት ከሆነ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ፀጉራቸው እኩል ነጭ፣ ፊታቸው አንድ ዓይነት። አራቱ እንስሳ በአራት ማዕዘን። ልጅ ሳለሁ ሠዓሊው ሰንፎ አንዱን ሦስት ጊዜ የገለበጠው ይመስለኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ወልድ ከአብ በዕድሜ አላነሰም፤ ቀድሞ የነበረ፣ ኋላ የመጣ የለም። ሦስቱም አብረው ተቀምጠዋል። አንዱ ተነሥቶ ወንበሩን ለሌላው አልለቀቀም።

እኔም ከበረዶው ወዲህ ወደ ፀሐይ ዞሬአለሁ፤ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ አሉና። እሱም ቢሆን ጎደሎ ነው። ብርሃን አባቱን አይጠራም። ሊቃውንቱ «ምሳሌ ዘየሐፅፅ»፣ የሚጎድል ምሳሌ፣ የሚሉት ወደው አይደለም።

ልጁ አልተረታም። እኔም እንዲረታ አልጠበቅሁም። ሒሳቡን ከእጄ ነጥቆ ከፈለ። ስንወጣ በካቴድራሉ በኩል አለፍን። እኔ ተሳለምኩ፤ እሱ ጎኔ ቆሞ ጠበቀኝ። ቅዳሜ እንገናኛለን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ተጠመቁ የሚለውን የሐዋርያት ሥራ 2፥38ን ይዞ እንደሚመጣ ከወዲሁ ነግሮኛል።