የጌም ቤቱ አግዳሚ

ባለፈው ፋሲካ ሀዋሳ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። የ12 ዓመት ልጇ ሶፋው ጥግ ላይ ተሰብስቦ ስልክ ላይ ይጫወታል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጓል። ቡናው ተፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተጠጣ፣ እንግዳ መጥቶ ሄደ። ልጁ ቀና አላለም።

ጠጋ ብዬ «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» አልኩት።

«አላውቀውም፣ አጎቴ።»

«የት ሀገር ነው ያለው?»

«እሱንም አላውቅም።»

እህቴ ከጓዳ ሰምታ «ተወው እባክህ፣ ቢያንስ ከዓይኔ አልራቀም» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እናት ናት፤ ልጇ ቤት ውስጥ ሲሆን ልቧ ያርፋል። ያ «አላውቀውም» የሚለው መልስ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እኔ በእሱ ዕድሜ ጌም ስጫወት ከማን ጋር እንደምጫወት አውቅ ነበር። ቤቱን አውቀዋለሁ። እናቱን አውቃታለሁ። ሲሸነፍ የትኛው ዓይኑ ቀድሞ እንደሚያለቅስ ሳይቀር አውቃለሁ።

የእኛ ጌም ቤት መናኸሪያ ሰፈር ነበር። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ክፍል የቆርቆሮ ቤት። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ብርሃን ከገባ ስክሪኑ አይታይም። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ሲግል ቤቱ ምጣድ ይሆናል። ውስጡ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አራት ጆይስቲክ ነበር። ከጆይስቲኮቹ አንዱ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጎትታል፤ እሱ የደረሰው ልጅ እንደተረገመ ይቆጠራል። ከኋላ ደግሞ በሁለት ብሎኬት ላይ የተጋደመ ጣውላ አለ። አግዳሚው እሱ ነው።

ሶኒ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እኔ ያየሁት በ1994 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር። ቁጥሩ አንድ ነው፣ በመሀሉ ግን ሰባት ስምንት ዓመት አለ። እኛ ዘንድ ሲደርስ እዚያ ሁለተኛው ወጥቶ ነበር። ለእኛ ግን ከሰማይ የወረደ ያህል አዲስ ነበር።

ማሽኑ ያረጀ ስለሆነ ዲስክ አላነብም ሲል ገልብጠን እናስቀምጠው ነበር። እግሩን ወደ ላይ አድርገን ማለት ነው። ያኔ እንደ አስማት ነበር የምናየው። ኋላ ነው ምክንያቱን ያወቅኩት፤ በመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ውስጥ ሌንሱ የሚመላለስበት ክፍል ፕላስቲክ ነበር። ሲግልና ሲበላ ሌንሱን ያዘነብለዋል። ሲገለበጥ ሌንሱ ትንሽ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን የኛ ሰፈር ልጆች ብቻ የደረሱበት ይመስለኝ ነበር። በዓለም ዙሪያ ልጆች ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር ስሰማ ደስ አለኝ።

የኳስ ጌማችን ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለው ነበር። ዲስኩ የጃፓን ስለሆነ ሜኑው በሙሉ በጃፓን ፊደል ነው። አንዲት ፊደል የሚያነብ የለም። ግን ስንተኛው መስመር ላይ ምን እንዳለ በቃላችን እናውቃለን። አዲስ ልጅ ሲመጣ ከአግዳሚው ላይ አምስት ድምፅ በአንድ ላይ «ሁለቴ ወደ ታች፣ ከዚያ ክቧን!» ይለዋል። ኋላ በመጣው የዚሁ ጌም ዲስክ ላይ ደግሞ አድሪያኖ ነበር። የኢንተር ሚላኑ አጥቂ፤ የምቱ ኃይል 99 የተሰጠው። ከመሀል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ በግራ እግሩ ከለቀቃት በረኛው ቆሞ ነው የሚያያት። ጠብ በጠብ ስንሆን ባለጌሙ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ኢንተርን መያዝ ክልክል ነው የሚል ሕግ አወጣ። ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈው። የድብድቡ ጌም ቴከን 3 ላይም ኤዲ የሚባለውን ተደባዳቢ መያዝ እንደ ነውር ነበር፤ ቁልፎቹን እንደመጣልህ ብትደበድብ በካፖዬራው፣ በዚያ ጭፈራ በሚመስለው የብራዚል ፍልሚያ፣ ታሸንፋለህና።

ሌላ ሕግ ማንም ሳይጽፈው ይሠራ ነበር። ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። አንድ ጌም 50 ሳንቲም ነው። ይህ ሕግ ምን እንዳደረገ አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ከእኛ መሀል እናቱ ጉልት የምትሸጥ አንድ ልጅ ነበር። 50 ሳንቲም ይዞ ይገባል፣ ማታ ያችኑ 50 ሳንቲም ይዞ ይወጣል። ከሰዓቱን ሙሉ ተጫውቶ! ባለሱቅ አባት ያለው ልጅ ከእሱ አጠገብ ተቀምጦ ይከፍላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ደብተር የሌለው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። እዚያ ግን የሚታወቀው ኳስ የሚችለው ነው።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምናጠፋው ስንጫወት አልነበረም። ስንጠብቅ ነው። ለአሥር ደቂቃ ጨዋታ አንድ ሰዓት ተራ መያዝ። እኔ ልጅነቴን ያገኘሁት እዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው። የፈረቃ ተማሪዎች ስለነበርን ግማሽ ቀናችን ባዶ ነው። አግዳሚው ላይ ሲዳሙ አፎ ይሰማል፣ ወላይትኛ ይሰማል፣ አማርኛ ይሰማል። ጎል የምንቆጥረው «ሚቴ፣ ላሜ፣ ሳሴ» እያልን ነበር፤ እኔ አማርኛ ብቻ ከሚነገርበት ቤት የወጣሁት በሲዳሙ አፎ መቁጠር የተማርኩት እዚያው ጣውላ ላይ ነው። አባቱ ሲሞት ሦስት ቀን ጠፍቶ የተመለሰውን ጓደኛችንን አስታውሳለሁ። ማንም ምንም አላለውም። ተራው ያልነበረ ቢሆንም ጆይስቲኩን ሰጡት። በቃ። እሱም ተቀበለና ተጫወተ።

በ1996 ዓ.ም. የከተማችን ክለብ የሊጉን ዋንጫ በላ። ያኔ አዋሳ ከነማ ነበር የምንለው። ከተማው አበደ። ያን ክረምት ፕሌይስቴሽን ቱ ገብቶልን ነበርና አንድ ሐሳብ መጣ፤ ጌሙ ውስጥ ቡድን የመቀየሪያ ቦታ አለ፣ ለምን ከነማን አንሠራም?

ሁለት ሳምንት ፈጀብን። አንድ የማናውቀውን ቡድን ስሙን ደመሰስንና በላቲን ፊደል «አዋሳ» ብለን ጻፍን። ማሊያው ላይ ብቻ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ሠራናቸው፣ ቁመታቸውን፣ የፀጉራቸውን አቆራረጥ፣ የሚመቱበትን እግር። ችግሩ ነጥብ መስጠት ላይ መጣ። ፍጥነቱ ስንት ይሁን? ጭንቅላቱስ? ወሬው ከመጋረጃው ወጣና ጋራዥ የሚሠሩ ትልልቅ ሰዎች ሥራ አቁመው ገቡ። በየሳምንቱ ስታዲየም የሚገቡ ሰዎች ናቸው። አንዱ በቅባት በተነካካ እጁ ስክሪኑን እየጠቆመ «ይሄ ልጅ ግራ እግሩ እኮ አይሠራም፣ ዝቅ አድርጉት» አለን። በዚያ ጌም ቤት አዋቂ ሰው ሊቆጣን ሳይሆን ሊረዳን ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከብራዚል ጋር አጫወትናቸው። 3 ለ 1 ተሸነፍን። ያቺ አንዷ ጎል ስትገባ ቆርቆሮው ሊነቀል ነበር።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ጌም ቤት ገነት ነበር ለማለት አይደለም። ክፍል ፎርፌ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ ከእናቴ መቀነት ብር ፈትቻለሁ፤ እስከዛሬ ሲታወሰኝ ያመኛል። በብር የሚወራረዱ ልጆች ነበሩ። ሲጋራ የጀመሩም ነበሩ። ወላጆቻችን የሚፈሩት ነገር ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም።

ግን የፍርሃቱ መልስ ምን ሆነ? መዝጋት። በየጊዜው ዘመቻ ይወጣል። «የመማር ማስተማሩን ሂደት የሚያውኩ» ተብሎ ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ጌም ቤት በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ። የእኛም በእንደዚህ ያለ ዘመቻ ታሸገ። ቆየት ብዬ ሳልፍ የስልክ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። ያን ጊዜ የተነሳው ቅሬታዬ ዛሬም አልበረደም። የ12 ዓመት ልጅ 50 ሳንቲም ይዞ ከሌላ ሰፈር ልጅ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቀመጥበት ቤትና ሺሻ ቤት አንድ አይደሉም። አንድ መዝገብ ላይ መስፈር አልነበረባቸውም።

ጌሙ እኮ አልጠፋም። ከጌም ቤት ወጥቶ ኪስ ውስጥ ገባ እንጂ። ልዩነቱ ደግሞ ብዙ ነው። የእኛ ጨዋታ ማለቂያ ነበረው፤ ሳንቲም ያልቃል፣ ተራ ያልፋል፣ ወይ እናትህ መጋረጃውን ገልጣ ስምህን ትጠራለች። የስልኩ ጌም በነፃ ይጀመርና እንዳታቆም ሆኖ ነው የተሠራው። ገንዘቡን የሚያገኘው ልጁ እዚያው በቆየ ቁጥር፣ ልብስና መሣሪያ በገዛ ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የጌም ጨዋታን እንደ ሕመም አካትቶታል። የተጫወተ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ልጁ ራሱን መግታት ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲቀድምና ይህ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። እህቴ ልጄ ከዓይኔ አልራቀም ስትል ይህን አላሰበችም። ልጁ ሶፋው ላይ ነው፣ ግን ሳሎኑ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ይዤው ወጣሁ። ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ ስንጠይቅ ቆይተን አንድ ጌም ቤት አገኘን። ማሽኑ አዲስ ነው፣ ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ሂሳቡም በደቂቃ ሆኗል። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመ። ሰው ፊት ተጫውቶ አያውቅም። ስልኩ ላይ አንበሳ የሆነው ልጅ እጁ ላብ በላብ ሆነ። 4 ለ 0 ተሸነፈ። ያሸነፈው ልጅ ዞር ብሎ «ሩጫዋን አታብዛ፣ አቀብል» አለውና አቀባበሉን አሳየው። በባጃጅ ስንመለስ የልጁን ስም ነገረኝ። ታቦር አካባቢ እንደሚኖርና ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚመጣም ነገረኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ጌም ቤትን ከሺሻ ቤት ዝርዝር አውጡት። ሕግ ይውጣለት፣ እኔም እደግፋለሁ። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ አይግባ። ውርርድ ከተገኘ ይቀጣ። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ልጅ አይኑር። መጋረጃው ይነሳና ወላጅ ከመንገድ ላይ ሆኖ ይይ። ይህን የሚያከብር ባለጌም ፈቃዱን ይዞ ይሥራ። በየከተማው የወጣት ማዕከል ተብለው የተሠሩት ቤቶችም አሉ። ጆተኒና ፑል የሚገባበት ክፍል ሁለት ጌም ማሽን አይጠበውም። ረጅም አግዳሚ ግን ይኑረው። የግድ ረጅም ይሁን፣ የሚጠብቀው ከሚጫወተው እንዲበዛ። አንድ ሰው አንድ ማሽን ይዞ ከተቀመጠ ያው ስልኩ ነው።

ወላጆችንም አንድ ነገር ልለምን። አንድ ቀን ብቻ ገብታችሁ ተቀመጡ። ልጃችሁ ማንን ይዞ እንደሚጫወት እዩ፣ ግራ እግሩ የማይሠራው ተጫዋች የትኛው እንደሆነ ንገሩት። እንደዚያ የጋራዥ ሰውዬ። እሱ ልጅ አልነበረውም መሰለኝ፣ የእኛን ክረምት ግን አሳምሮልን ሄዷል።

ጌም ቤቱ የታሸገ ዕለት ባለጌሙ ማሽኖቹን በኩርቱ ፌስታል ሲያወጣ አገኘሁት። ኪሱ ገባና የሠራነው ሁሉ የሚቀመጥባትን ሜሞሪ ካርድ ሰጠኝ። ጥቁሯን፣ 8 ሜጋባይቷን። «ከነማ እዚህ ውስጥ አሉ» አለኝ። እስካሁን አለችኝ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ከትምህርት ማስረጃዬ ጋር አስቀምጫታለሁ። የሚያነባት ማሽን ግን የለኝም። ሀዋሳ ውስጥ ደህና የሚሠራ ፕሌይስቴሽን ቱ ያለው ሰው ካለ ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ። የእህቴ ልጅም አብሮኝ ይመጣል።